የምጣዳችሁን ሬዚስታንስና ዋት ራሳችሁ እንዴት ታሰላላችሁ

ማታ እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል እናቴ መጀመሪያ የምትጠረጥረው አብሲቱን ነው። ቀጥላ ዱቄቱን። ከዚያ እኔን፣ አክንባሎውን ቶሎ ከፈትክ ብላ። እኔ ደግሞ መብራቱ ደክሟል ባይ ነኝ። ክርክሩን የፈታልን አንድ ማካፈልና አንድ ማባዛት ነው። እናንተም ቤት ይሠራል።

ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ምጣዱ ጋ የሚደርሰው ቮልትና በሽቦው የሚያልፈው አምፒር። ቮልት ግፊቱ ነው፣ አምፒር ደግሞ የሚፈሰው መጠን። ሬዚስታንስ ፍሰቱን የሚያስቸግረው ነገር ነው። የምጣድ ሠሪዎች ከሸክላው ሥር ያለውን ጥምዝምዝ ሽቦ ራሱን "ሬዚስታንስ" ይሉታል፤ አልተሳሳቱም።

ከቮልቱ እንጀምር። ቴስተሩን (ቮልት፣ አምፒርና ኦም የሚለካውን መሣሪያ) የኤሲ ቮልት ላይ አድርጉና የመረጣችሁት ደረጃ ከ220 በላይ ማንበብ የሚችል መሆኑን እዩ። ከመለካታችሁ በፊት ቀዩ ገመድ የት ቀዳዳ እንደተሰካ ተመልከቱ። የአምፒሩ ቀዳዳ ላይ እንደተሰካ ሶኬት ውስጥ ከከተታችሁት ሾርት ነው፣ ቴስተሩም እጃችሁም ይጎዳል። የምትለኩት ደግሞ ምጣዱ እየሠራ ነው፤ ባዶ ሶኬት 220 ብሎ ምጣዱ ሲሰካ ወርዶ ሊገኝ ይችላል።

አምፒሩን ለመለካት ሽቦ የሚያቅፈው ክላምፕ ሜትር ይሻላል፣ ምንም መቁረጥ የለበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሙሉውን ገመድ ያቅፈውና ዜሮ ያነብለታል። በአንዱ ሽቦ የሚሄደው በሌላው ስለሚመለስ ሁለቱ ይጣፋሉ። አንዱን ሽቦ ብቻ ነው ማቀፍ ያለበት። ለዚህ አንድ አጭር ማራዘሚያ ከሶኬት ነቅላችሁ የላይኛውን ሽፋን ብቻ ከመሃል ግፈፉ፣ የየሽቦውን የራሱን ፕላስቲክ ግን እንዳትነኩ። እጃችሁ ካልደፈረ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ።

እኛ ቤት ጠዋት 220 ቮልትና 15 አምፒር አነበብን። አሁን አስሉ፦

ሬዚስታንስ = ቮልት ÷ አምፒር። 220 ÷ 15 = 14.67 ኦም፤ ኦም የሬዚስታንስ መለኪያ ነው።

ኃይል = ቮልት × አምፒር። 220 × 15 = 3300 ዋት።

አለቀ። ምጣዱን ነቅላችሁ ሲቀዘቅዝ በቴስተሩ ኦም ብትለኩት ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ሽቦው ሲግል ሬዚስታንሱ ጥቂት ስለሚጨምር ነው። የአሮጌው ክር አምፖል ግን ሌላ ነው፤ በርቶ ያለው ሬዚስታንስ ከቀዝቃዛው አሥር እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፣ ስለዚህ እሱን ቀዝቃዛውን ለክታችሁ ዋት እንዳታሰሉበት። ፍሪጅና ሞተር ያለበት ዕቃ ላይም ቮልትን በአምፒር ማባዛት ከትክክለኛው ዋት የበለጠ ያሳያችኋል። ምጣድ፣ ምድጃ፣ ካውያ፣ የውሃ ማፍያ ላይ ግን ያለ ጭንቀት ተጠቀሙበት።

ወደ ማታው እንመለስ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ለኩሶ፣ ቴስተሩ 180 አለ። የምጣዱ ሽቦ ያው ነው፣ 14.67 ኦም። አምፒሩ 180 ÷ 14.67፣ ማለትም 12.27 ገደማ። ዋቱ 180 × 12.27፣ ወደ 2209። አያችሁት? ቮልቱ አንድ አምስተኛ እንኳን ሳይቀንስ ከኃይሉ ሲሶው ጠፋ! ግፊቱ ሲቀንስ ፍሰቱም አብሮ ይቀንሳል፣ ሁለቱ ሲባዙ ጉዳቱ ሁለት ጊዜ ይመጣል። አብሲቱ ነፃ ወጣ።

ይኸው ነገር ወደ ላይም ይሠራል። ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣላችሁ 120 ቮልት፣ 1500 ዋት የሚል የውሃ ማፍያ ካለ፣ ሬዚስታንሱን ለማግኘት ቮልቱን በራሱ አባዝታችሁ ለዋቱ ታካፍላላችሁ፤ 120 × 120 ÷ 1500 = 9.6 ኦም ነው። 220 ላይ ስትሰኩት ደግሞ ዋቱ ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ለሬዚስታንሱ ሲካፈል ነው፤ 220 × 220 ÷ 9.6፣ ከ5000 ዋት በላይ ሊስብ ይሞክራል። ሻይ ሳይፈላ ዕቃው ይሰናበታችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ስለሆነ። የምጣዳችን ሶኬት ጥርሱ ላልቶ ነበር፣ ፕላስቲኩም ቡናማ ሆኗል፣ የተቃጠለ ሽታ አለው። የላላው ቦታ ግማሽ ኦም ቢሆንስ ብዬ አሰላሁ። ጠቅላላው 15.17 ኦም ይሆናል፣ አምፒሩ 14.5። ሙቀቱን ለማግኘት አምፒሩን በራሱ አባዝታችሁ በሬዚስታንሱ ታባዛላችሁ፤ 14.5 × 14.5 × 0.5 = 105 ዋት። የ100 ዋት አምፖል ሙቀት፣ ያውም ጥፍር በምታህል ብረት ላይ! ዲቫይደር ላይ ምጣድ ሰክታችሁ የምትጋግሩ ሰዎች፣ ሦስት አራት እንጀራ ካወጣችሁ በኋላ አጥፉና የሶኬቱን ፕላስቲክ በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ካቃጠላችሁ የዚያን ቀን መጋገር እዚያው ላይ ይቁም፣ ሶኬቱም ይቀየር።