ያገለገለ መኪና ፍሬን ስትፈትሹ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፍሬን ዘይት ጎድሎ ስታገኙ ቶሎ ብላችሁ አትሙሉት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የፍሬን ዘይት እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ከጎደለ ወይ ሸራው፣ ማለትም ጎማውን በመፋጨት የሚያቆመው ክፍል፣ ሳስቷል፤ ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ሸራ ባለቀ ቁጥር እሱን የሚገፋው የፍሬኑ ፒስተን ወደ ውጭ ይወጣል፤ ዘይቱም ተከትሎት ክፍተቱን ይሞላል። ማጠራቀሚያው ላይ ያለው መጠን ቀስ በቀስ የሚወርደው ለዚህ ነው። ሻጩ ሞልቶት ከመጣ ምልክቱን አጠፋባችሁ ማለት ነው። ሸራው አልቆ ዘይቱ እስከ አፉ የሞላ መኪና ሳይ እኔ ይበልጥ እጠራጠራለሁ። በኋላ አዲስ ሸራ ሲገባ ፒስተኑ ወደ ውስጥ ይገፋል። ያኔ ትርፉ ዘይት ይፈስና የመኪናውን ቀለም ይልጠዋል። ዘይቱ ከዝቅተኛው መስመር በታች ከሆነ ደግሞ መንስኤው ሳይታወቅ አትንዱት።

የፊቱን ብቻ አይቶ መተውም አለ። የፊት ሸራ በቸርኬው ክፍተት በባትሪ ይታያል። አዲሱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ 3 ሲወርድ ይቀየራል። የውስጠኛው ከውጭኛው ቀድሞ ሊያልቅ ስለሚችል ጎማው ቢወልቅ ይሻላል። ከተማችን አዲስ አበባን የሞሉት ብዙዎቹ ቪትዞች የኋላቸው ታምቡር ነው፤ ሸራው በተዘጋ ክብ ብረት ውስጥ ስላለ ከውጭ አይታይም። የኋላ ጎማው የውስጥ ጎን እርጥብ ከሆነ ታምቡሩ ይከፈት። ሻጩ «አሁን አሳጥቤው ነው» ቢላችሁም ይከፈት።

ቀዩን የፍሬን መብራት «የእጅ ፍሬን ነው» ብላችሁ አትለፉት። በብዙ መኪና ያው መብራት የዘይት መጉደልንም ይናገራል። የእጅ ፍሬኑ ወርዶ፣ ቁልቁለት ወይም ኩርባ ላይ ብልጭ ካለ ዘይቱን እዩ።

ያገኙትን ዘይት መጨመር አደገኛ ነው። ክዳኑ ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ተብሎ ተጽፏል፤ እሱን ተከተሉ። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ከገባ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል። ተከፍቶ የከረመ የፍሬን ዘይትም አትጠቀሙ፤ ከአየር እርጥበት ይስባል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል እርጥበቱ ይፈላና ፔዳሉ ሥር ድረስ ይወርዳል።

ሌላው ስህተት በሜክሲኮ መጨናነቅ ውስጥ እየተንፏቀቁ «ፍሬኑ አሪፍ ነው» ማለት ነው። መጀመሪያ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ፔዳሉን ረግጣችሁ ያዙት። ቀስ እያለ ከሰመጠ ዘይቱን የሚገፋው ዋናው ፓምፕ ውስጡን ያሳልፋል፤ ወይም ውጭ የሚያፈስ ቦታ አለ። እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቶበታል። ይህን ሲያልፍ ሜዳ ላይ ሞክሩት። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሀር የሚወርደውን ቸርችልን ለመጨረሻ አቆዩት። ፍሬን ስትይዙ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ፣ ማለትም የፊት ሸራው የሚነክሰው ክብ ብረት፣ ይታይ። ወደ አንድ ጎን ከሳበ አንደኛው ፒስተን ነክሶ፣ ወይም ሸራው ዘይት ነክቶት ሊሆን ይችላል። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሰማችሁ ግን ሙከራው እዚያው ይቁም።

የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሸራ ስትገዙም የአንድ ጎማ ብቻ አትግዙ። የግራና የቀኙ አብሮ ይቀየር።