የብር መላኪያ ስክሪን ስትሰሩ የሰውን ጭንቅላት ሸክም እንዴት ትቀንሳላችሁ

አክስቴ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ለሚማረው ልጇ በየወሩ ብር ትልካለች። አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳያት ልጁ በስልክ የሂሳብ ቁጥሩን እያነበበላት እሷ ደብተር ጀርባ ላይ ጻፈችው፣ ስልኩን ዘጋች፣ አፑን ከፈተች፣ አራት አሃዝ አስገባች፣ ደብተሩን አየች፣ ሶስት ጨመረች፣ ደብተሩን ስታይ የት እንደደረሰች ጠፋባትና ሁሉንም አጥፍታ ከአንድ ጀመረች። ቀጣዩ ስክሪን የብሩን መጠን ጠየቃት፣ ያስገባችው ቁጥር ግን እዛ ስክሪን ላይ የለም። "በትክክል ጻፍኩት ይሆን?" ብላ ወደኋላ ስትመለስ የጻፈችው በሙሉ ጠፍቶ ባዶ ሳጥን ጠበቃት። በመጨረሻ ስልኩን ሰጠችኝና "በል አንተው ላክልኝ ልጄ፣ እኔ አልተማርኩ" አለችኝ። ይቺ እኮ የስንት ደንበኛ የዱቤ ሂሳብ ያለ ደብተር በቃሏ ምትይዝ ባለሱቅ ናት። ስራዬ አፕ ዲዛይን ስለሆነ "አልተማርኩ" ያለችው ነገር እስካሁን ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የስክሪኑ ነው፣ የሷ አይደለም።

እዛ ጋ የተፈጠረው ነገር በሳይኮሎጂ በደንብ የሚታወቅ ነገር ነው። ሰው አንድ ስራ እየሰራ ለጊዜው ነገሮችን የሚይዝባት ቦታ አለች፣ ወርኪንግ ሜሞሪ ትባላለች፣ በጣም ጠባብ ናት። የሳይኮሎጂ ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር በ1956 በጻፈው ታዋቂ ጽሁፍ 7 ነገር፣ ሁለት ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ብሎ ነበር፣ በኋላ በ2001 ሌላው ተመራማሪ ኔልሰን ካዋን ማስረጃዎቹን ሰብስቦ ሲያየው ወደ 4 ገደማ ነው አለ። አውስትራሊያዊው ጆን ስዌለር ደሞ በ1988 ኮግኒቲቭ ሎድ (የጭንቅላት ሸክም) የሚለውን ሃሳብ አመጣ። የሱ ዋና ነገር ምንድነው፣ ሸክም ሁለት አይነት ነው፣ አንዱ ከስራው ከራሱ ጋር የሚመጣ ነው (ለማን ልላክ፣ ስንት ልላክ፣ ለወሩ ይበቃናል ወይ)፣ ሌላው ግን ስራው የቀረበበት መንገድ የሚጭነው ትርፍ ሸክም ነው። የመጀመሪያውን ማስቀረት አንችልም፣ ሁለተኛውን ግን እኛ ነን የፈጠርነው፣ እኛ ነን ምናነሳው። ስዌለር በኋላ ሶስተኛ አይነትም ጨምሯል ግን እሱ ስለ ትምህርት ስለሆነ እዚህ ብዙ አያስፈልገንም።

አንድ ነገር ቶሎ ላስተካክል። ብዙ ዲዛይነር የሚለርን 7 ይዞ "ሜኑ ላይ ከ7 በላይ ነገር አይቀመጥም" ይላል፣ እንደዛ አይደለም። ሜኑ ላይ ያለው ነገር አይን ፊት ነው ያለው፣ በቃል መያዝ አያስፈልገውም። የሚለር ቁጥር ስለ ማስታወስ ነው። ስለዚ አስር ነገር በግልጽ ስም ተዘርዝሮ ማየት ከሶስት ስክሪን በፊት ያየሁትን አንድ ቁጥር ከማስታወስ ይቀላል።

እኔ ምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው፣ ሸክም ቆጠራ እለዋለሁ። ወረቀት ወይም ኤክሴል ውሰዱ፣ የብር መላክ ሂደቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያንዳንዱን ስክሪን በተራ ጻፉ፣ ከጎኑ "እዚህ ስክሪን ላይ ሰውየው ስክሪኑ ላይ የሌለ ምን ነገር በጭንቅላቱ ይዟል?" ብላችሁ መልሱ። የአክስቴን ብናየው ቁጥሩ፣ የት አሃዝ ላይ እንደደረሰች፣ ትክክል መሆኑን ያለማወቅ ስጋት፣ ቀሪ ሂሳቧ ስንት እንደሆነ፣ ሰርቪስ ቻርጁ ስንት እንደሚቆርጥ፣ ፒኗ። ስድስት ነው፣ ካዋን ደሞ 4 ነው ያለው። ሶስትና ከዛ በላይ የመጣበት ስክሪን ላይ ቀይ ምልክት አድርጉና ስራውን ከዛ ጀምሩ፣ ቀለሙንና አይከኑን ለጊዜው ተዉት።

ከቁጥሩ እንጀምር። የንግድ ባንክ የሂሳብ ቁጥር 13 አሃዝ ነው፣ 1000 ብሎ ይጀምራል። 13 አሃዝ ተደርድሮ ማንም አይይዘውም፣ ግን ሰው ስልክ ቁጥር ሲነግራችሁ አስተውላችሁ ከሆነ "ዜሮ ዘጠኝ፣ አስራ አንድ፣ ሃያ ሶስት" እያለ ሁለት ሁለት አድርጎ ነው ሚጠራው፣ አስር አሃዙ አምስት ነገር ይሆንለታል። ሚለር ቸንክ (አንድ ላይ የታሰረ ቁራጭ) ያለው ይሄንኑ ነው፣ ሰዋችን ማንም ሳያስተምረው ያደርገዋል። ስለዚ ሳጥኑ ራሱ እየተጻፈ እያለ 4፣ 3፣ 3፣ 3 እያደረገ ክፍተት ያስገባ፣ ያኔ ከደብተር ጋር ማመሳከር ቀላል ነው፣ የት እንደደረሱም አይጠፋም። እዚህ ጋ ግን ተጠንቀቁ፣ ሰው ቁጥሩን ከቴሌግራም ኮፒ አርጎ ሲያመጣው መሃል ላይ ክፍተት ወይም ሰረዝ ይኖረዋል፣ አፑ "የተሳሳተ ቁጥር" ብሎ እንዳይመልሰው፣ ክፍተቱን ራሱ ያውጣው። ከዚ የሚበልጠው ደሞ ጭራሽ አለማስጻፍ ነው፣ ከዚ በፊት የተላከላቸውን ሰዎች በስም አስቀምጡላት፣ ልጇን በስሙ አይታ ትንካው። አይቶ መለየት ሁሌም አስታውሶ ከመጻፍ ይቀላል። አዲስ ሰው ከሆነ ቁጥሩ እንደገባ ወዲያው የባለሂሳቡ ስም ከነአባቱ ይምጣ፣ እስከ መጨረሻው ስክሪን ድረስም ከላይ ተጽፎ ይቆይ።

መጠኑ ላይ 10000 ተብሎ ሲጻፍ ኮማ ራሱ ይግባ፣ ከስሩ "አስር ሺህ ብር" ብሎ በፊደል ይምጣ። ዜሮ የመቁጠር ስራ ለማንም አይሰጥም። ቀሪ ሂሳቡና ሰርቪስ ቻርጁም እዛው።

ኦቲፒ፣ ማለትም ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለው የማረጋገጫ ኮድ፣ የብዙ አፕ መከራ ነው። ስድስት አሃዝ በኤስኤምኤስ ይመጣል፣ ሰውየው ከአፑ ወጥቶ መልእክቱን አይቶ ሲመለስ አፑ ከመጀመሪያ ይጀምራል። ሶስት ነገር አድርጉ። አንደኛ ከአፑ ተወጥቶ ሲመለስ ስክሪኑ እንደነበረ ይቆይ። ሁለተኛ ስልኩ ኮዱን ራሱ አንብቦ እንዲሞላ አድርጉ፣ አንድሮይድም አይፎንም ይሄን ይችላሉ። ሶስተኛው የመልእክቱ አጻጻፍ ነው፣ ኮዱ መጀመሪያ ላይ ይምጣ፣ "ውድ ደንበኛችን" ምናምን ተብሎ ሲጀመር ከላይ ብቅ የምትለዋ ኖቲፊኬሽን ላይ ኮዱ አይታይም። ደሞ በአማርኛ ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ ሚይዘው 70 ካራክተር ብቻ ነው፣ በላቲን ሲሆን 160፣ ስለዚ ረጅም ሰላምታ ጽፋችሁ መልእክቱ ለሁለት እንዳይከፈል።

አሁን ከውጭ የተቀዳ ፎርም እኛ ላይ የሚጭነውን ሸክም እንይ፣ እኔ በጣም ሚያናድደኝ ይሄ ነው። የትውልድ ቀን ሲጠየቅ ፎርሙ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጠይቃል፣ ሰውየው ሚያውቀው ጥቅምት 1990 ነው። 7 ነው ምጨምረው 8? ከመስከረም እስከ ታህሳስ 22 ገደማ ከሆነ 7፣ ከዛ በኋላ ከሆነ 8፣ ስለዚ ጥቅምት 1990 የተወለደ 1997 ነው፣ ሰኔ 1990 የተወለደ ግን 1998። ይሄን ሂሳብ ሰው በጭንቅላቱ እንዲሰራ ማድረግ ምን ይባላል፣ ተሳስቶ ይሞላና መታወቂያው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም ተብሎ ይመለሳል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠይቁት፣ ኮዱ ይቀይረው፣ የወሮቹ ዝርዝር ላይም 13 ወር ይኑር፣ ያለዛ ጳጉሜ የተወለደ ሰው የሚመርጠው ያጣል። ሰዓትም እንደዛው፣ "9:00" ብላችሁ ከጻፋችሁ አንዱ የጠዋቱ 3 ሰዓት ይለዋል፣ ሌላው በኛው 9 ሰዓት፣ ማለትም ከሰዓት በኋላ። "ነገ ጠዋት 3 ሰዓት" ብሎ መጻፍ ነው። ስም ላይ "ላስት ኔም" የሚለውን ሳጥን አንዱ በአባቱ ሌላው በአያቱ ይሞላዋል፣ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ ሶስት ሳጥን ማድረግ ይሄን ያህል ከባድ ነው እንዴ?

ቃላት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አማርኛ አፖች ላይ ትልቁ ትርፍ ሸክም ያለው እዚህ ነው። "ሰርዝ" የምትለዋን ውሰዱ። ብር እየላኩ ወደኋላ ስትጫኑ "ዝውውሩ ይሰረዝ?" ይልና ከስሩ "ሰርዝ" እና "ቀጥል" ይመጣል። ሰርዝ ስል ጥያቄውን ነው ምሰርዘው ወይስ ዝውውሩን? ቀጥል ስልስ፣ መሰረዙን ልቀጥል ነው መላኩን? ሰው እዚህ ጋ ቆሞ ያስባል፣ ብር ነዋ። በተኑ ላይ የሚሆነውን ነገር ራሱን ጻፉት፣ "ብሩ አይላክ" እና "ወደ መላኩ ልመለስ"። የመጨረሻው በተንም "አረጋግጥ" ከሚል "500 ብር ይላኩ" ቢል ሰው ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ዳግም አያነብም። ደሞ "ላክ" ስትሉ ለወንድ ነው ምታወሩት፣ ሴት ዩዘር ብዙ ናት፣ ለትልቅ ሰው ደሞ ድፍረት ይሆናል፣ ስለዚ በአንቱታ "ይላኩ" በሉ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻም አንድ አይነት ይሁን፣ አንዱ ስክሪን ላይ አንተ ሌላው ላይ እርስዎ ሲሆን ሰው ሌላ አፕ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ማንም አፉ ላይ የሌለ የተፈበረከ ቃል አትጠቀሙ፣ ሰው ፒን ካለ ፒን ነው። ፊደላችንም ከላቲን ከፍ ያለ መጠን ይፈልጋል፣ ቀ እና ቁ፣ ለ እና ሉ የሚለያዩት በትንሽ ቅጥያ ስለሆነ በእንግሊዝኛው መጠን ካስቀመጣችሁት ሰው አይኑን አጥብቦ ነው ሚያነበው።

ኔትወርክ መሃል ላይ ሲቋረጥ ያለው ነገር ደሞ ለብቻው ይታይ። ሰውየው "ይላኩ" የሚለውን ነካ፣ ሎዲንግ ይዞራል፣ ከዛ "ኢረር"። ሄደ ወይስ አልሄደም? ጭንቀት ራሱ ከዛችው ጠባብ ወርኪንግ ሜሞሪ ላይ ቦታ ይሻማል፣ የተጨነቀ ሰው በደንብ አያነብም፣ ስለዚ እንደገና ይነካል፣ ብሩ ሁለቴ ይሄዳል። ዴቨሎፐሮቹ ያው ጥያቄ ሁለቴ ቢመጣ አንዴ ብቻ እንዲሰራ ማድረግ አለባቸው፣ ለእያንዳንዱ መላክ አንድ መለያ ቁጥር በመስጠት ይሰራል። እናንተ ደሞ ጽሁፉን ግልጽ አድርጉት፣ "ብሩ ከሂሳብዎ አልወጣም፣ እንደገና መሞከር ይችላሉ" ወይም "እያጣራን ነው፣ ድጋሚ አይላኩ፣ ውጤቱን በኤስኤምኤስ እናሳውቃለን"። ከ1 ሰከንድ በላይ የሚቆይ ነገር ካለ እየሰራ መሆኑ ይታይ፣ ወደ 10 ሰከንድ ከተጠጋ ምን እየተደረገ እንደሆነ በቃል ይነገረው።

ሁሉም ነገር ይፍጠን ማለቴ ግን አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለማያውቁት ሰው ትልቅ ብር ሲላክ ስሙን በትልቁ አሳይቶ ቆም ማድረግ ተገቢ ነው፣ የሄደ ብር ማስመለስ ከባድ ነው። በየወሩ ለልጇ ለምትልክ እናት ግን ያንኑ ማስጠንቀቂያ ብታመጡባት ማንበብ ትተዋለች፣ የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣም አታነበውም።

ከዛ ሞክሩት። አምስት ሰው ይበቃል ለመጀመሪያ ዙር፣ ግን ቢሮ ውስጥ ያሉ ልጆች አይሁኑ። እኛ ሀገር ይሉኝታ ስላለ "እንዴት ነው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ "ያምራል፣ እግዜር ይስጣችሁ" ነው መልሱ፣ ምንም አይጠቅማችሁም። ስራ ስጧቸው፣ "በዚህ ወረቀት ላይ ላለው ሰው 300 ብር ይላኩ" በሉና ዝም በሉ፣ እጃችሁን ስልኩ ላይ አትስደዱ። አይናቸው ወደ ወረቀቱ ስንቴ እንደተመለሰ፣ ጣታቸው የት ጋ እንደቆመ ጻፉ። ሲጨርሱ የጭንቅላት ሸክም ተመራማሪው ፍሬድ ፓስ በ1992 የተጠቀመውን አይነት አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፣ "ጭንቅላትዎን ምን ያህል አደከመዎት፣ ከ1 እስከ 9?" ይሄ ስለ አፑ ማማር ሳይሆን ስለራሳቸው ድካም ስለሆነ ሰው በእውነት ይመልሳል። አንድ ጊዜ እንዲህ ስጠይቅ 8 ብለውኝ የነበሩ እናት ቁጥሩን ክፍተት አስገብተን ስሙን ከላይ ካስቀመጥነው በኋላ 3 አሉኝ።

የቀረው ደረሰኙ ነው። ብሩ ሲሄድ ሁሉም ሰው ስክሪንሹት አንስቶ ለተቀባዩ "ላኩልህ" ብሎ ይልካል፣ ካልተላከ ልቡ አያርፍም። ይሄን አውቃችሁ ስሩት፣ ስም፣ መጠን፣ ቀን፣ የትራንዛክሽን ቁጥር በአንድ ስክሪን ይግቡ፣ ከስሩ ቀጥታ ቴሌግራም ላይ መላኪያ በተን ይኑር፣ ቀሪ ሂሳብ ግን እዛ ስክሪን ላይ አይውጣ፣ አክስቴ ለዕቁብ ሰብሳቢዋም ያንኑ ነው ምትልከው።