ጭነቱ «ተሰርዟል»ም «ደርሷል»ም ሲል፦ ከንድፍ የሚመነጩ የሶፍትዌር ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ዕቃ እያነሣ በደሴና በአካባቢው ላሉ ነጋዴዎች የሚያደርስ ድርጅት የሚጠቀምበትን ሶፍትዌር ለምሳሌ እንውሰድ። እንዲህ ባለው ሥራ ላይ የሚታዩ ብዙ ብልሽቶች ኮዱ ሲታረም የጠፉ መስለው ይመለሳሉ፤ ሥራው የተነደፈበት የሥዕል ዓይነት ችግሩን ከመጀመሪያውም ሊያሳይ የማይችል ነበርና።

ምልክት፦ አንዱ ገጽ «ተሰርዟል» ያለውን ጭነት ሌላው «ደርሷል» ይለዋል

መዝገቡ በእጅ ይስተካከላል፤ ብዙም ሳይቆይ በሌላ ጭነት ላይ ያው ይደገማል።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ በዳታቤዙ (በመረጃ ማከማቻው) ሰንጠረዥ ውስጥ «ተከፍሏል»፣ «ተጭኗል»፣ «ደርሷል»፣ «ተሰርዟል» የሚሉ አራት የአዎ ወይም የአይደለም ዓምዶች ለየብቻ መቀመጣቸው ነው። አራቱ ዓምዶች 16 ጥምረቶችን ይፈቅዳሉ፤ በሥራው ላይ ትርጉም ያላቸው ግን ከዚያ በጣም ያነሱ ናቸው። የክላስ ዲያግራም (የነገሮችን ዓይነቶችና ባሕርያቸውን የሚያሳየው ሥዕል) ይህንን አያጋልጥም፤ የሚያሳየው አንድ ነገር ምን ምን እንዳለው እንጂ በምን መንገድ እንደሚያልፍ አይደለምና።

መፍትሄው የሁኔታ ዲያግራም ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዴቪድ ሃሬል እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመው ይህ አጻጻፍ ኋላ ወደ ዩኤምኤል (የሶፍትዌር ንድፍ የሚሣልበት መደበኛ የምልክት ቋንቋ) የገባ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሁኔታ በሳጥን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደረገው ሽግግር በቀስት ይሣላል፤ በቀስቱ ላይ ለውጡን የሚያስነሣው ክስተት ይጻፋል፣ ቅድመ ሁኔታ ካለውም በማዕዘን ቅንፍ [ ] ይከተላል። ሥዕሉን ይዞ ወደ መጋዘኑ ሠራተኛ መሄድና «መኪናው የደሴን ዳገት ከጀመረ በኋላ ደንበኛው ይቅርብኝ ቢል ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ስብሰባ ይሻላል። ዕቃው ወደ መጋዘን የሚመለስ ከሆነ «ተሰርዟል» የሚደረሰው ከ«ታዟል» ብቻ ነው፤ ከ«ተጭኗል» የሚወጣው ቀስት ደግሞ «ተመላሽ» ወደሚባል፣ ማንም ወዳላሰበው ሁኔታ ይሄዳል። ክፍያን ግን እዚህ ውስጥ መክተት አይገባም፤ በዱቤ የተወሰደ ዕቃ ሳይከፈልበት ሊደርስ ስለሚችል ክፍያ ከጉዞው ጎን ለጎን የሚሄድ የራሱ ሁኔታ አለው፣ የሃሬል አጻጻፍም ለዚሁ በተቆራረጠ መስመር የተለዩ ትይዩ ክፍሎችን አዘጋጅቷል።

ከዚያ በኋላ ሦስቱ የጉዞ ዓምዶች በአንድ የሁኔታ ዓምድ ይተካሉ፣ ሽግግሩም በአንድ ፈንክሽን (የኮድ ክፍል) በኩል ብቻ እንዲያልፍ ይደረጋል። ነባሩን መረጃ ከማዛወር በፊት ከ16ቱ ጥምረቶች የትኞቹ በሰንጠረዡ ውስጥ እንዳሉ በ«ግሩፕ ባይ» (ተመሳሳይ መዝገቦችን በአንድ ቡድን በሚያሰባስበው የዳታቤዝ ትእዛዝ) መቁጠር ያስፈልጋል፤ እንግዳ የሚመስለው ጥምረት አንዳንዴ ስህተት ሳይሆን ማንም ያልጻፈው የሥራ ልማድ ሆኖ ይገኛል።

ምልክት፦ አንድ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል

ሠራተኛዋ በስልኳ ላይ «ላክ» የሚለውን ትጫናለች፤ ኔትወርኩ ይቆራረጥባትና እንደገና ትጫናለች። መንስኤው የቅደም ተከተል ዲያግራሙ (መልእክቶች በተራ ሲላላኩ የሚያሳየው ሥዕል) ሁሉም ነገር የሰመረበትን መንገድ ብቻ ማሳየቱ ነው። «አልት» በሚባለው፣ አማራጭ መንገዶች በሚሣሉበት ፍሬም ውስጥ ሁለት ተጨማሪ መንገዶች ይሣሉ፦ ጥያቄው ሰርቨሩ (ትእዛዙን የሚቀበለው ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ጋ ሳይደርስ የጠፋበትና ሰርቨሩ ሥራውን ፈጽሞ መልሱ የጠፋበት። ሁለቱ ከስልኩ በኩል ሲታዩ ፍጹም አንድ ስለሆኑ ስልኩ ራሱ ሊለያቸው አይችልም። ስለዚህ ትእዛዙ ገና ሳይላክ ስልኩ ልዩ መለያ ቁጥር ይስጠው፤ ዳታቤዙ ያንን ቁጥር ሁለቴ አይቀበል፤ ሰርቨሩም ድጋሚ ሲጠየቅ የቀድሞውን መልስ ይመልስ።

ምልክት፦ ሁሉም በሥዕሉ ተስማምቶ የተለያየ ነገር ይሠራል

ቀስቱ ለአንዱ ጥሪ፣ ለሌላው የዳታ ፍሰት፣ ለሦስተኛው ጥገኝነት ነው። በየቀስቱ ላይ ግስ ይጻፍ፤ ከሥዕሉ ግርጌም የምልክቶች መፍቻ ይቀመጥ።

ምልክት፦ የርክክብ ሰዓት በስድስት ሰዓት ይዛነፋል

ሹፌሩ በ«8 ሰዓት» ያስረከበው ከቀኑ ስምንት ነው፤ ፕሮግራሙ ግን 08:00 ብሎ መዝግቦታል። በንድፉ ላይ ዓምዱ «ሰዓት» ተብሎ ብቻ ተጽፎ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አልተገለጸም። በዳታቤዙ ዩቲሲ (ከኢትዮጵያ ሰዓት ክልል በሦስት ሰዓት ወደኋላ የሚቀረው ዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት) ብቻ ይቀመጥ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማስገባትና ማሳየት የማያ ገጹ ሥራ ይሁን። ከቀኑ 8 ሰዓት ተብሎ የገባ ርክክብ በዳታቤዙ 11:00 ሆኖ ካልተገኘ፣ ልወጣው የሚሠራው በተሳሳተ ቦታ ነው ወይም ሁለቴ ተሠርቷል።