ደብዳቤ ይገባል፣ አይወጣም፦ በአውትሉክና በተንደርበርድ የመላክ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ይህ ጽሑፍ ኢሜይልን በአሳሽ ሳይሆን በኮምፒውተር ላይ በተጫነ ፕሮግራም፣ በተለይም በአውትሉክና በሞዚላ ተንደርበርድ፣ ለሚጠቀሙ ቢሮዎች የተዘጋጀ ነው። ኢንተርኔት መኖሩ፣ የተቀባዩ አድራሻ በትክክል መጻፉና ፕሮግራሙ «ወርክ ኦፍላይን» ላይ አለመሆኑ አስቀድሞ እንደታየ እቆጥራለሁ። ከዚያ በኋላ የሚቀድመው ጥያቄ ደብዳቤ እየገባ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። እየገባ የማይወጣ ከሆነ ችግሩ ደብዳቤ በሚላክበት ሥርዓት፣ በኤስኤምቲፒ፣ በኩል ነው። መቀበያው በአይማፕ ወይም በፖፕ፣ መላኪያው ደግሞ በኤስኤምቲፒ ስለሚሠራ፣ ሁለቱ የየራሳቸው ፖርት (የሰርቨሩ መግቢያ ቁጥር)፣ የየራሳቸው ቅንብር፣ ብዙ ጊዜም ለየብቻ የተቀመጠ የይለፍ ቃል አላቸው። ስለዚህ «ደብዳቤ እየገባልኝ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው» የሚለው ክርክር ስለ መላኪያው ምንም አያረጋግጥም።

ምልክት፦ ለቢሮው ባልደረባ ይሄዳል፣ ወደ ውጭ ሲላክ ግን 530 ወይም 550 የሚል የስህተት ቁጥር ይመልሳል

መንስኤው ፕሮግራሙ ለመላኪያው ሰርቨር ማንነቱን አለማሳወቁ ነው። ሰርቨሩ ለራሱ ዶሜይን (በአድራሻው ከ@ በኋላ ላለው ስም) የመጣን ደብዳቤ ከማንም ይቀበላል፤ ወደ ሌላ ዶሜይን እንዲያስተላልፍ ሲጠየቅ ግን የማያውቀውን ላኪ ይመልሳል። በክላሲክ አውትሉክ፣ በኮንትሮል ፓናል «ሜይል» በሚለው በኩል የአካውንቱን ገጽ ከፍተው «ሞር ሴቲንግስ»፣ ከዚያም «አውትጎይንግ ሰርቨር» ውስጥ ይግቡና የመላኪያው ሰርቨር ማረጋገጫ ይፈልጋል የሚለውን ሣጥን ምልክት ያድርጉበት፤ ከሥሩም እንደ መቀበያው ያለውን ቅንብር ተጠቀም የሚለውን ይምረጡ።

ምልክት፦ ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም ይላል

ፖርቱን ይመልከቱ። 25 ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ፖርት 25 ሰርቨር ከሰርቨር ጋር የሚነጋገርበት በመሆኑ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ለደንበኞቻቸው ዘግተውታል። ትክክለኛው 587 ስታርትቲኤልኤስ ከሚባለው ምስጠራ ጋር፣ ወይም 465 ከኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ ጋር ነው። ፖርቱንና የምስጠራውን ዓይነት አያቀያይሩ፤ 465 ላይ ስታርትቲኤልኤስ የመረጠ ሰው ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ሲጠብቅ ቆይቶ ሲያቋርጥ ያየዋል። ምስጠራውን ጨርሶ አጥፍቶ «ሠራ» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት የይለፍ ቃልዎን በግልጽ እንዲጓዝ አድርጎታልና ሥራውን አይቀበሉት።

ምልክት፦ 535፤ የይለፍ ቃል ደጋግሞ ይጠይቃል

አድራሻው የግል ጂሜይል ከሆነ፣ ጉግል እ.ኤ.አ. ከሜይ 30 ቀን 2022 ጀምሮ ተራውን የይለፍ ቃል ከእንደነዚህ ዓይነት ፕሮግራሞች አይቀበልም። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብርተው 16 ፊደላት ያሉትን የመተግበሪያ የይለፍ ቃል ማውጣት፣ ወይም በተንደርበርድ የማረጋገጫውን ዓይነት «ኦኦት2» (በጉግል ገጽ ገብቶ መፍቀድ) ማድረግ ያስፈልጋል። የጉግል አካውንቱ ዋና የይለፍ ቃል ሲቀየር የመተግበሪያ የይለፍ ቃሎቹ አብረው እንደሚሰረዙም አይርሱ። ማይክሮሶፍትም ለግል የአውትሉክ አድራሻዎች ተራውን የይለፍ ቃል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 16 ቀን 2024 አቁሟል።

አድራሻው በድርጅቱ የራሱ ዶሜይን የተከፈተ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ቀጥሎ ያለውን ምልክት ይመልከቱ።

ምልክት፦ አንድ ኮምፒውተር መላክ አቃተው፤ ቆይቶ ቢሮው በሙሉ ቆመ፤ ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ተመለሰ፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ቆመ

ከሁሉም ይልቅ የምጠራው ለዚህ ነው። አካሄዱ ከቢሮ ቢሮ ብዙ አይለያይም። የድርጅቱ ኢሜይል በአንድ ሆስቲንግ ድርጅት ሰርቨር ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሲፓናል በሚባል የሰርቨር ማስተዳደሪያ ፕሮግራም የሚተዳደር ነው። አንድ ሠራተኛ ሥራ ይለቅቃል፤ ወይም ሥራ አስኪያጁ ይጠራጠሩና የይለፍ ቃሉ እንዲቀየር ያዝዛሉ። በዌብሜይል ይቀየራል፤ ፕሮግራሙ አዲሱን ሲጠይቅ ይጻፍለታል፤ ደብዳቤ መግባቱን ይቀጥላል፤ ሁሉም ነገሩ አለቀ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ያልተቀየረው በመላኪያው በኩል የተቀመጠው አሮጌው የይለፍ ቃል ነው፤ አውትቦክስ ውስጥ አንድ ያልሄደ ደብዳቤ ካለ ደግሞ ፕሮግራሙ በየጥቂት ደቂቃው ያንኑ አሮጌ ቃል ይዞ ሰርቨሩን ማንኳኳቱን አይተውም።

ሰርቨሩ ይህን የሚያየው እንደ ሰርጎ ገብ ሙከራ ነው። የተሳሳተ ሙከራ ከተወሰነ ቁጥር ሲያልፍ፣ ሙከራው የመጣበትን አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመሩ መለያ ቁጥር) በፋየርዎል፣ ማለትም በመከላከያው፣ ይዘጋል። አንድ ቢሮ በራውተሩ በኩል የሚወጣው በአንድ የጋራ አይፒ አድራሻ ስለሆነ፣ አንዱ ኮምፒውተር ባጠፋው ሁሉም ይቀጣሉ፤ የድርጅቱ ድረ ገጽ እዚያው ሰርቨር ላይ ካለም ከቢሮው አይከፈትም። መለያ ምልክቱም ይኸው ነው፦ ሌሎች ድረ ገጾች ሁሉ ይከፈታሉ፣ የድርጅቱ ብቻ አይከፈትም፤ ስልክዎን ከዋይፋዩ አውጥተው በሞባይል ዳታ ሲሞክሩት ግን ዌብሜይሉም ድረ ገጹም ወዲያው ይመጣል። ይህን ካዩ መስመሩን መርምረው ጊዜ አያጥፉ።

ሰውን የሚያሳስተው የራውተሩ ነገር ነው። ቋሚ አይፒ ያልገዛ ቢሮ ራውተሩን አጥፍቶ ሲያበራ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አድራሻ ይሰጠዋል፤ አዲሱ አድራሻ ገና ያልተዘጋ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ጥፋተኛው ኮምፒውተር እንደገና አንኳኩቶ እስኪያዘጋው ድረስ። በዚህ ምክንያት «ራውተሩ ተበላሽቷል» የሚል እምነት ይሰርጻል። አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ራውተር ለውጦ፣ ኬብል አዘርግቶ፣ ስለ መስመሩ አቤቱታ አስገብቶ፣ የጭነት ሰነድ ለገዢና ለባንክ የሚልከው ከሠራተኞቹ ስልክ ሆኖ ነበር። ጥፋተኛው ግን ሒሳብ ክፍሉ ጥግ ላይ የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን ለማስኬድ ብቻ የተተወ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ማንም ኢሜይል አይጽፍበትም፤ ነገር ግን አውትሉኩ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ ይነሣል፤ አውትቦክሱም ውስጥ ከረጅም ጊዜ በፊት የተረሳ አንድ የባንክ ደብዳቤ ተቀምጧል። በሌላ ቢሮ ደግሞ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ንጹሕ ሆነው ሲገኙ፣ የተቃኘውን ሰነድ በኢሜይል የሚልከው የፎቶ ኮፒ ማሽን አሮጌውን የይለፍ ቃል ይዞ ተገኘ። ማሽኑን የገጠመው ሰው የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሲሄድ ለማንም አልነገረም፤ ይህ ግዴለሽነት ከማሽኑ ብልሽት ይልቅ ብዙ ሰዓት ያስባክናል።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን ጠብቆ መሠራት አለበት። በመጀመሪያ በቢሮው ያለው የኢሜይል ፕሮግራም ሁሉ ይዘጋ፤ ስልኮችም ከዋይፋዩ ይውጡ። ቀጥሎ ከቢሮው አይፒ አድራሻዎን አይተው ለሆስቲንግ ድርጅቱ ይስጡና እንዲከፍቱልዎት ሲጠይቁ፣ በስህተት ሲሞክር የነበረው የትኛው የኢሜይል አድራሻ እንደሆነ ከመዝገባቸው እንዲነግሩዎት አጥብቀው ይጠይቁ። ብዙዎቹ ከፍተው ዝም ይላሉ፤ ስሙ ካልተነገረዎት ግን ፍለጋው በጨለማ ነው። የኢሜይል አድራሻው ሲታወቅ ያ አድራሻ የተጫነባቸውን መሣሪያዎች በሙሉ፣ ስልኩንም ስካነሩንም ጨምሮ፣ ይቁጠሩ። በተንደርበርድ «ሴቭድ ፓስወርድስ» ውስጥ ለዚያ አካውንት አንዱ የአይማፕ፣ ሌላው የኤስኤምቲፒ የሆኑ ሁለት መስመሮች ያገኛሉ፤ ሁለቱንም ይሰርዙና ሲጠይቅ አዲሱን ያስገቡ። በአውትሉክ በመላኪያው ሰርቨር ገጽ ላይ ለብቻው የተጻፈ ስምና የይለፍ ቃል ካለ ያንን ያስተካክሉ፤ የዊንዶውስ «ክሬደንሻል ማኔጀር» ውስጥ የቀረ አሮጌ ካለም ያስወግዱ። አይፎንም የመላኪያውን የይለፍ ቃል የሚያስቀምጠው በሌላ ገጽ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ እየከፈቱ በእያንዳንዱ የሙከራ ደብዳቤ ይላኩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የይለፍ ቃሉን እርግጠኛ ሳይሆኑ ደጋግመው አይሞክሩ፤ የተከፈተውን አይፒ አድራሻ ራስዎ ያስዘጉታል። ማስጠንቀቂያ፦ አካውንቱን አጥፍቶ እንደገና መትከል መፍትሔ አይደለም፤ በፖፕ የሚሠራ ከሆነና ደብዳቤዎቹ ሰርቨሩ ላይ ካልቀሩ ብቸኛው ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ነው። የግድ ከሆነ አስቀድመው አውትሉክ ደብዳቤዎቹን የሚያስቀምጥበትን የፒኤስቲ ፋይል ወይም የተንደርበርዱን ፕሮፋይል ሌላ ቦታ ይቅዱ፤ ያልሄዱትንም ደብዳቤዎች ከአውትቦክስ ያውጡ። ማስጠንቀቂያ፦ ለሁሉም ሠራተኛ አንድ የይለፍ ቃል የሚሰጥ ቢሮ ይህን ጽሑፍ አትሞ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ ይሻለዋል፤ ይመለስበታልና።

ምልክት፦ የሰርቨሩ ሰርተፊኬት ትክክል አይደለም ይላል

ከምንም በፊት የኮምፒውተሩን ቀን ይመልከቱ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፊኬትም ገና ያልተሰጠ ሆኖ ይታያል። ባትሪው ሲአር 2032 ይባላል፤ የአምራቹ ስም የማይታወቅ ርካሽ ከገዙ ደግመው መግዛትዎ አይቀርም። በአገራችን ደግሞ ሌላ መንስኤ አለ፦ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። ሚያዝያ 2017 ብሎ የሞላ ሰው ኮምፒውተሩን ስምንት ዓመት ያህል ወደ ኋላ መልሶታል። መቀበያው ያለ ምስጠራ በፖርት 110 የተተከለ ከሆነ ደብዳቤ ይገባል፣ መላኪያው ግን በምስጠራ ስለሆነ ይቆማል፤ ባለቤቱም ቀኑን ፈጽሞ አይጠረጥርም። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ለማሳየት በእጅ ስድስት ሰዓት የሚያዛቡ አሉ፤ እነዚህ የሚልኩት ደብዳቤ በተቀባዩ ዘንድ ከቀደሙት መካከል ገብቶ ይደበቃል። የሰዓት ክልሉን «ናይሮቢ» ያድርጉ፣ ሰዓቱም ከኢንተርኔት እንዲስተካከል ይተዉት።

ቀኑ ትክክል ከሆነ ቀጥሎ የሚጠረጠረው የኢሜይል ግንኙነትን የሚፈትሸው የጸረ ቫይረስ ክፍል ነው፤ ያንን ክፍል ብቻ አጥፍተው ይሞክሩ።

ምልክት፦ ተራ ደብዳቤ ይሄዳል፣ አባሪ ያለው አውትቦክስ ውስጥ ይቀራል

አባሪ በኢሜይል ሲጓዝ መጠኑ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል፤ 20 ሜጋባይት የነበረው 27 ገደማ ይሆናል፤ የሰርቨሩን የመጠን ጣሪያ ካለፈም 552 የሚለው ቁጥር ይመለሳል። መጠኑ ከጣሪያው በታች ሆኖ መስመሩ ቀርፋፋ ከሆነ በአውትሉክ የሰርቨር መጠበቂያ ጊዜውን ያርዝሙ። አውትቦክስ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ ከፍተው አይዩት፤ በክላሲክ አውትሉክ ከፍተው ሲዘጉት ሊሄድ የተሰለፈበት ሁኔታ ይሰረዝና እንደገና «ሴንድ» እስኪሉት ድረስ እዚያው ይቀመጣል።

ምልክት፦ ሄደ ይላል፣ ተቀባዩ ግን አላገኘሁም ይላል

ተንደርበርድ ላይ ከአንድ በላይ አካውንት ካለ እያንዳንዱ በየትኛው መላኪያ ሰርቨር እንደሚወጣ ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ የድርጅቱ አድራሻ ቀድሞ በተተከለው በሌላ አካውንት ሰርቨር በኩል ሲወጣ አግኝቼዋለሁ፤ ያ ሰርቨር በዶሜይኑ የኤስፒኤፍ መዝገብ (በዶሜይኑ ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር) ውስጥ ስለሌለ የተቀባዩ ወገን ደብዳቤውን ወደ ስፓም ይጥለዋል ወይም ይመልሰዋል። ጂሜይል ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ከላኪዎች ሁሉ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም (ደብዳቤው ላይ የሚታከል ዲጂታል ፊርማ) ስለሚጠይቅ ይህ ችግር ከበፊቱ ይልቅ በርክቷል። በአካውንቱ ቅንብር ከታች «አውትጎይንግ ሰርቨር» በሚለው ምርጫ ላይ የዚያኑ ዶሜይን ሰርቨር ይምረጡ፤ የኤስፒኤፍ መዝገቡ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ የሆስቲንግ ድርጅቱ በዶሜይኑ ዲኤንኤስ (ስለ ዶሜይኑ ለኢንተርኔት የሚታየው መዝገብ) ላይ እንዲያስገባው ያድርጉ።