የክብሪት ቀፎዎችን የወታደር ጨዋታ እንዴት ማስተማር ይቻላል?

ብሪታኒያዊው ተመራማሪ ዶናልድ ሚቺ በ1961 እ.ኤ.አ. 304 የክብሪት ቀፎዎችን ደርድረው የኤክስና ዜሮ ጨዋታ አስተማሯቸው። በዓመቱ ደግሞ ማርቲን ጋርድነር ሄክሳፖን የተባለውን፣ 24 ቀፎ ብቻ የሚበቃውን አነስተኛ ጨዋታ በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት አቀረቡ። ለቤት ሙከራ የሚመቸው ይህ ሁለተኛው ነው።

በቅድሚያ ካርቶን ላይ ዘጠኝ ቤት ያለው ገበታ ያስምሩ፤ በአንዱ ጫፍ ሦስት ቆርኪዎችን በፊታቸው፣ በሌላው ሦስቱን በጀርባቸው ይደርድሩ (ዳማ ለተጫወተ ሰው ይህ አዲስ አይደለም)። ቆርኪዎቹ እንደ ቼዝ ወታደር ከፊታቸው ባዶ ወደሆነ ቤት አንድ እርምጃ ይሄዳሉ፤ የሚበሉት ግን በሰያፍ ነው። ወደ ተቃራኒው ጫፍ የደረሰ፣ የባላጋራውን ቆርኪዎች በልቶ የጨረሰ ወይም መንቀሳቀሻ ያሳጣው ያሸንፋል። ሁልጊዜ የሚጀምረው ሰው ነው።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ቀጣዩ ሥራ ነው። ማሽኑ (ማለትም የቀፎዎቹ ስብስብ) በተራው ሊገጥመው የሚችለውን እያንዳንዱን የገበታ አቀማመጥ በአንድ ቀፎ ላይ ይሳሉ፤ ግራና ቀኛቸው ብቻ የተገላበጠ አቀማመጦች አንድ ቀፎ ይጋራሉ። የተፈቀደውን እያንዳንዱን እርምጃ በተለያየ ቀለም ቀስት ያመልክቱና በየቀስቱ ቀለም አንድ አንድ ዶቃ ቀፎው ውስጥ ይጨምሩ። ለምሳሌ ሰውየው የመሃሉን ቆርኪ ካራመደ ማሽኑ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ መብላት ወይም የዳሩን ማራመድ።

በጨዋታው ጊዜ ከገበታው ጋር የሚመሳሰለውን ቀፎ አንስተው ይነቅንቁ፣ ሳያዩ አንድ ዶቃ ያውጡ፣ ቀለሙ ያዘዘውን ይጫወቱ፣ ዶቃውንም ከቀፎው አጠገብ ያስቀምጡ። ማሽኑ ካሸነፈ ዶቃዎቹ ሁሉ ይመለሳሉ። ከተሸነፈ ግን የመጨረሻው እርምጃ ዶቃ ብቻ ለዘለቄታው ይወገዳል፤ የቀደሙት ጥፋተኛ መሆናቸው ገና አልተረጋገጠምና እነርሱን መቅጣት ማሽኑን ያበላሸዋል። ባዶ ቀፎ ከገጠመው ማሽኑ እጁን ይሰጣል፤ ያን ጊዜ የሚወገደው ወደዚያ ያደረሰው የቀደመው ዶቃ ነው።

ከላይ ባለው ምሳሌ ማሽኑ የዳሩን ካራመደ፣ የመሃሉ ቆርኪ በሌላው ዳር ያለውን በልቶ ጫፍ ይደርሳል። በዚህ ሽንፈት የዚያ እርምጃ ዶቃ ይወጣና ቀፎው ውስጥ የሚቀረው የመብላቱ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ለማሽኑ አዝነው ሆን ብለው አይሸነፉለት፤ ስህተቱን ካልቀጡት ዶቃው ይመለሳልና።

በትክክል ከተጫወተ ሁለተኛው ተጫዋች ምንጊዜም አሸናፊ ስለሆነ ማሽኑ ውሎ አድሮ የማይረታ መሆን አለበት። ብዙ ከተጫወተም በኋላ መሸነፉን ካላቆመ ሥዕሎቹን መልሰው ይመርምሩ፤ ምናልባት አንድ ቀስት ተረስቷል፣ ወይም ዶቃ ወደ ሌላ ቀፎ ተመልሷል።