መቶ ማይል ላይ ምን ይበላሻል? ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

እ.ኤ.አ. በ1973 በካሊፎርኒያ ተራሮች የ100 ማይል የፈረስ ውድድር ነበር። ጎርዲ አይንስሊ የሚባል ተወዳዳሪ 29ኛው ማይል አካባቢ ፈረሱ አነከሰበትና አቋረጠ። በዓመቱ ያለ ፈረስ መጣ። ከፈረሶቹ ጋር ተነስቶ በእግሩ ሮጠና በ23 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ገባ። ዛሬ ዌስተርን ስቴትስ የሚባለው ሩጫ የተወለደው ከዚያ ነው። ችግር፦ ፈረሱ አነከሰ። መፍትሄ፦ ራስህ ሩጥ። ከዚህ በታች እንደዚህ ቀላል መፍትሄ አታገኙም።

100 ማይል 161 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ዝዋይ ድረስ በእግር እንደማለት። ያውም በተራራ። ዌስተርን ስቴትስ ላይ በድምሩ 5,500 ሜትር ገደማ ይወጣል፣ 7,000 ሜትር ገደማ ይወረዳል። የሰዓት ገደቡ 30 ሰዓት ነው። ስታሰሉት በሰዓት 5.4 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ማለት ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው የሚያቋርጠው ቀርፋፋ ስለሆነ ሳይሆን አንድ ነገር ስለሚበላሽበት ነው። የሚበላሸው ነገር ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው። የሚያማችሁ አሁን ነው፣ የተበላሸው ግን ከሰዓታት በፊት ነው። አንዳንዴም ከወራት በፊት። ስለዚህ ምልክቱ በመጣ ቁጥር «ቅድም ምን አድርጌ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ብዙ እየሰራሁ ነው፣ ግን እየደከምኩ ነው»

ይሄ ውድድሩ ሳይደርስ የሚመጣ ነው። ጠዋት ስትነሱ ልባችሁ ከወትሮው ፈጥኖ ይመታል። እንቅልፍ እምቢ ይላል። ባለፈው ወር የለመዳችሁት ዳገት ይረዝምባችኋል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኪሎ ሜትሩ ብዛት ብቻ አይደለም። ቀላል መሆን የነበረበት ሩጫ ቀላል አልነበረም። እኛ ሀበሾች ደግሞ ከሰው ጋር ስንሮጥ መቀደም አንወድም። አንድ ሳምንት ልምምዱን በግማሽ ቀንሱ። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ሩጫ ወሬ እያወራችሁ በምትችሉት ፍጥነት ሩጡ። ዳገት ላይ ተራመዱ። መራመድም ልምምድ ይፈልጋል፤ በውድድሩ ቀን ብዙ ሰዓት የምታሳልፉት በእርምጃ ነው።

«ጭኔ አልታዘዝ አለ»

60ኛው ማይል አካባቢ ነው። ዳገቱን እንደምንም ትወጣላችሁ። ቁልቁለቱ ላይ ግን ፍሬን እንደበጠሰ መኪና ትሆናላችሁ።

ጥፋተኛው ያ ቁልቁለት አይደለም። ጠዋት በደስታ የወረዳችሁት ነው። ስትወርዱ የፊት ጭን ጡንቻ ክብደታችሁን የሚይዘው እየተለጠጠ ነው። እንደዚያ ሲሰራ ክሮቹ በጥቂት በጥቂቱ ይጎዳሉ። ጠዋት አይታወቃችሁም፤ ዕዳው የሚጠየቀው ማታ ነው። እኔ የመጀመሪያዬ 100 ማይል ላይ ቁልቁለቱን እየዘለልኩ፣ ሰው እያለፍኩ ወረድኩ። ማታ ያለፍኳቸው ሁሉ አንድ በአንድ አለፉኝ። አንደኛዋ እናቴን የሚያህሉ ሴት ነበሩ፤ ፈገግ ብለው ነው ያለፉኝ።

መፍትሄው የሚጀምረው ልምምድ ላይ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ እንጦጦን ሮጬ ወጥቼ በታክሲ እወርድ ነበር። የልምምዱን ግማሽ ተራራው ላይ ትቼ እንደምመጣ አላወቅኩም። ጡንቻ አንዴ በቁልቁለት ተጎድቶ ካገገመ በኋላ ለሳምንታት ያህል ይጠነክራል፤ ያው ቁልቁለት እንደ መጀመሪያው አይጎዳውም። ስለዚህ በየ10 ቀኑ ገደማ ረዘም ያለ ቁልቁለት ሩጡ። የመጨረሻውን ከውድድሩ 2 ወይም 3 ሳምንት በፊት ጨርሱ። ዱባይ ወይም ሂውስተን ያላችሁ፣ ተራራ ከየት ይመጣል የምትሉ፣ ፎቅ አለላችሁ። በሊፍት ውጡ፣ በደረጃ ውረዱ። ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ።

ውድድሩ መሃል ላይ ያለቀ ጭን ግን አይጠገንም። እርምጃ አሳጥሩ፣ ጉልበት ትንሽ አጠፍ አድርጉ፣ ውድድሩ የሚፈቅድ ከሆነ በዱላ ተደገፉ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የመሳሰሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ግን አትዋጡ። እንዲህ በተጎሳቆለ ሰውነት ላይ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ሽንታችሁ እንደ ኮካ ከጠቆረ የተጎዳው ጡንቻ ወደ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ውድድሩ እዚያ ላይ አለቀ፤ ቀጥታ ሐኪም ጋ።

«ሆዴ አልቀበልም አለ»

ጄሉን፣ ያን በትንሽ ከረጢት የሚመጣ ጣፋጭ የሯጭ ምግብ፣ ገና ስታዩት ያቅለሸልሻችኋል። የጠጣችሁት ውሃ ሆዳችሁ ውስጥ ይንቦጫረቃል። ከዚያ ማስታወክ። ሰው ወዲያው የበላውን ምግብ ይወነጅላል። አንዳንዴ ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኞቹ ፍጥነትና ሙቀት ናቸው። ስትሮጡ ደም ወደ እግር ይሄዳል። ሲሞቃችሁ ደግሞ ወደ ቆዳ ይሄዳል። ለሆድ የሚተርፈው ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ጣፋጭ ሲደራረብበት ሥራ ያቆማል። የዌስተርን ስቴትስ ሸለቆዎች ከሰዓት በኋላ ከ38 ዲግሪ በላይ ሊሞቁ ይችላሉ። ስለዚህ ብዙ ሆድ የሚዘጋው እዚያ ነው።

ምን ይደረግ? መጀመሪያ ተራመዱ። ከዚያ ሰውነታችሁን አቀዝቅዙ፤ በረዶ ኮፍያ ውስጥ፣ በረዶ አንገት ላይ፣ ወንዝ ካለ ሸሚዙን መንከር። ለ20 ደቂቃ ያህል ምግብ አትንኩ። ውሃ በትንሽ በትንሹ ጎንጨት በሉ። ሲረጋጋ መረቅ፣ ጨው የተነሰነሰበት ቅቅል ድንች፣ ዝንጅብል ሞክሩ። ካስታወካችሁም አትደንግጡ። አስታውኮ፣ ቀሎት፣ ሮጦ የገባ ሰው ሞልቷል።

ሆድም እንደ እግር ይሰለጥናል። ረጅም ልምምድ ላይ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት መብላትን ቀስ በቀስ አስለምዱት። ግሉኮስና ፍሩክቶስ አንጀት ላይ የሚገቡበት በር ስለሚለያይ፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ብዙ ማስገባት ይቻላል። በሶስ? እኔ እወደዋለሁ። ቀጠን ተደርጎ ተበጥብጦ፣ ስኳርና ጨው ጣል ተደርጎበት፣ ጠዋት በቀዝቃዛው ግሩም ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ይከብዳል። ቆሎ ደግሞ አፍ ሲደርቅ አሸዋ ነው፤ ተዉት።

የፆም ነገርም አለ። ዌስተርን ስቴትስ የሚካሄደው በጁን መጨረሻ፣ በእኛ ሰኔ 20 ግድም ነው። የሰኔ ፆም ላይ ነን ማለት ነው። መንገዱ ላይ ምግብና ውሃ የሚሰጥባቸው ጣቢያዎች ላይ የሚቀዳው መረቅ የዶሮ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ። ድንች፣ ሐብሐብ፣ ሙዝና ኮካ ችግር የለባቸውም። ሰዓቱን በተመለከተ የነፍስ አባታችሁን ቀደም ብላችሁ አማክሩ፤ በባዶ ሆድ ግን ይሄ መንገድ አይሞከርም።

«ጣቶቼ አበጡ፣ ራሴን አመመኝ»

ቀለበት ይጠባል፣ የሰዓት ማሰሪያ ቆዳ ውስጥ ይሰምጣል። የጣት ማበጥ ብቻውን ብዙ ጊዜ ምንም አይደለም። ራስ ምታት፣ ማስታወክና ግራ መጋባት ሲጨመርበት ግን አደጋ ነው። አጠገባችሁ ያለው ሰው «ውሃ አንሶት ነው» ብሎ ተጨማሪ ውሃ ያጠጣል። ሰው የሚሞተው እንደዚህ ነው። ውሃ ከሚገባው በላይ ሲጠጣ የደም ሶዲየም ይቀጥናል፣ አንጎልም ያብጣል። ውሃ ማነስ ይመስላል፤ መድኃኒቱ ግን ተቃራኒው ነው። ውሃውን አቁሙና ጨው የበዛበት መረቅ ቀመስ ቀመስ አድርጉ። ሰውየው ንግግሩ ከተምታታበት ሳትጠብቁ ሐኪም ጥሩ።

መከላከያው አጭር ነው። ሲጠማችሁ ጠጡ፣ ሳይጠማችሁ አትጠጡ። የጨው ክኒን እየዋጡ ውሃ እንደልብ መጠጣት አያድንም።

«እግሬ ውሃ ቋጠረ»

የሚጀምረው ተረከዝ ወይም ጣት ላይ እንደ ትንሽ ማቃጠል ነው። ያኔ ብትቆሙ 3 ደቂቃ ይበቃችኋል። «ቀጣዩ ጣቢያ ላይ አየዋለሁ» ካላችሁ ግን ቀሪውን መንገድ በሙሉ ታነክሳላችሁ። ጫማ አውልቁ፣ አሸዋውን አራግፉ፣ እግር አድርቁ፣ ፕላስተር ለጥፉ። ውሃ ቋጥሮ ካበጠ በንጹሕ መርፌ ከጎኑ በስታችሁ አፍስሱት፤ ቆዳውን አትላጡት። 78ኛው ማይል ላይ፣ ረኪ ቸኪ የሚባል ቦታ፣ ሯጮች ገመድ ይዘው ወንዝ ይሻገራሉ። ከወንዙ ማዶ ደረቅ ካልሲ ያላዘጋጀ ሰው ቀሪውን 22 ማይል የሚጨርሰው በራሰ እግር ነው።

«ጉቶው ቄስ መሰለኝ»

በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ነው። ጉቶው ነጠላ የለበሰ ቄስ ይመስላል፣ ድንጋዩ የተኛ ውሻ። አላበዳችሁም፤ እንቅልፍ ነው። የሰውነት ሙቀትም በዚያ ሰዓት ይወርዳል፤ ምግብም ረስታችሁ ይሆናል። ብሉ፣ ጃኬት ልበሱ። ቡናን በተመለከተ፣ ቀኑን ሙሉ ከጠጣችሁት ሌሊት አይሰራላችሁም። ለዚህ ሰዓት ቆጥቡት። እምቢ ካለ 15 ደቂቃ ተኙ፤ ግን የሚቀሰቅስ ሰው ይኑር። ዌስተርን ስቴትስ ላይ አብዛኛው ሰው ከ62ኛው ማይል፣ ከፎረስትሂል ጀምሮ አሯሯጭ፣ አብሮት የሚሮጥ አጃቢ ማለት ነው፣ ይዞ ይሄዳል። ፈጣን ሰው አትምረጡ፣ ወሬኛ ምረጡ።

«ምልክት ካየሁ ቆየሁ»

እ.ኤ.አ. በ2016 ጂም ዋልምስሊ ክብረ ወሰኑን ሊሰብር እየገሰገሰ ሳለ 92ኛው ማይል አካባቢ መታጠፊያ ስቶ ጠፋ። 20ኛ ሆኖ ገባ። በ2018 ተመልሶ ክብረ ወሰኑን ሰበረ። እሱ ከጠፋ ማንም ይጠፋል። ለ5 ደቂቃ ያህል መንገዱን የሚያመለክተውን ሪባን ካላያችሁ የመጨረሻውን ወዳያችሁበት ተመለሱ። «ትንሽ ልቀጥልና ልይ» የሚለውን ሐሳብ አትስሙት።

«ይበቃኛል»

ጣቢያው ላይ ወንበር አለ፣ ብርድ ልብስ አለ፣ ትኩስ መረቅ አለ። ውጪው ጨለማ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ረሃብና ብርድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ብሉ፣ ሙቁ፣ 15 ደቂቃ ቆዩ፤ ከዚያ ወስኑ። ሲነጋ ያው ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። ቤት ግን አትደውሉ። እናት «ልጄ፣ ይቅርብህ» ከማለት ሌላ ምን ትላለች?

የማይደራደሩበትም አለ። የደረት ሕመም፣ አጥንት ላይ አንድ ነጥብ ይዞ የሚወጋ ሕመም፣ ግራ መጋባት፣ የጠቆረ ሽንት። ከነዚህ አንዱ ካለ የውድድር ቁጥራችሁን አውልቃችሁ ስጡ።

ከገባችሁ በኋላ ደግሞ መኪና አትንዱ። ቁልፉን ለአሯሯጫችሁ ስጡት። እሱም ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም፤ እንግዲህ ሦስተኛ ሰው ፈልጉ።