የዓይን ሌዘር ከተሠራችሁ በኋላ ጠብታዎቹን አትደራርቡ

ላሲክ ወይም ፒአርኬ (እይታን የሚያስተካክሉ ሁለት የዓይን ሌዘር ዓይነቶች) ተሠርታችሁ ሁለት ሦስት ዓይነት ጠብታ ይዛችሁ ቤት ገባችሁ እንበል። ብዙ ሰው ቶሎ ለመገላገል ሁሉንም በአንዴ ያንጠባጥባል። ዓይን ግን አንዷን ጠብታ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይዝም። ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን አጥባ ጉንጭ ላይ ታወርዳታለች። መድኃኒቱ ባከነ ማለት ነው። በመካከላቸው ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ።

እጃችሁን ታጠቡ፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጉ፣ አንድ ጠብታ ብቻ። የጠርሙሱ ጫፍ ዓይንም ሽፋሽፍትም አይንካ። ከዚያ 1 ደቂቃ ያህል ጨፍኑ። የፈሰሰውን ጉንጫችሁ ላይ በሶፍት ጥረጉት እንጂ ዓይናችሁን እንዳታሹ! ላሲክ ከሆነማ ተከፍቶ የተመለሰው ስስ የኮርኒያ (የዓይን ፊት ላይ ያለው ብርሃን አሳላፊ ክፍል) ሽፋን ሊንሸራተት ይችላል።

የስቴሮይዱን (የዓይን መቆጣትን የሚቀንሰውን መድኃኒት) ጠብታ «ተሻለኝ» ብላችሁ አታቋርጡ። «ተረፈ» ብላችሁም አታራዝሙት፤ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ሰው ሠራሽ እንባ ስትገዙ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን፣ አንድ ጊዜ ተከፍቶ የሚጣለውን ጠይቁ። ዋጋው ወደድ ይላል፤ ግን ቁስሉ ላልዳነ ዓይን እሱ ይሻላል። ሕመሙ ከባሰ ወይም እይታችሁ ድንገት ከደበዘዘ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ።